በሁለቱ ሚዛኖች መካከል የገባው ሰማንያ ኪሎ

ይሄ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። የሰማሁት አይደለም። የጓደኛዬ ጓደኛ የነገረኝም አይደለም።

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጣውን ሁሉ አነባለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን አላምንም። እናንተም እኔን ባታምኑኝ አልቀየምም። ግን ስለ ጥላና ስለ ሹክሹክታ ላወራችሁ አልመጣሁም። እኔ የምነግራችሁ ኪሎ ነው። ኪሎ አይሰክርም፣ ቅዠትም አያይም።

ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ኖቬምበር 14፣ 2023፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ።

ሌሊት አልነበረም። ጭጋግ ነበር እንጂ ቀን ነበር፣ ሰውም ሁሉ ሥራው ላይ ነበር።

ቦታው አውሮፓ ውስጥ ሲሌዥያ የሚባል አገር ነው። ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት በነበረ መሬት ላይ ዛሬ የከተማውን ቆሻሻ የሚያቃጥል ፋብሪካ ቆሟል። ቆሻሻው ይነድዳል፣ ውሃ ያፈላል፣ ከዚያ ለሰዉ መብራትና የቤት ማሞቂያ ይሆናል።

ስሜ ኡርሹላ ይባላል። በፋብሪካው ውስጥ ሥራዬ መቁጠር ነው።

እዚህ አውሮፓ ውስጥ ትልልቅ ፋብሪካዎች በጭስ ማውጫቸው የሚለቁትን ካርቦን በቶን ይቆጥራሉ። የመልቀቂያው ፈቃድ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል፣ ይገዛል። እኛ ቆሻሻ አቃጣዮቹ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውጭ ነበርን። ከሚቀጥለው ጃንዋሪ ጀምሮ ግን «እናንተም ቁጠሩ» ተባልን።

ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የክትትል ዕቅድ መጻፍ ነበረበት። ምን ያህል ቆሻሻ ገባ፣ ከገባው ስንቱ ፕላስቲክ ነው፣ ስንቱ የድንች ልጣጭ ነው... ፕላስቲኩ ይቆጠራል። ልጣጩ አምና ከመሬት የበቀለ ስለሆነ አይቆጠርም።

የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ከሥሩ ስሜን የምፈርመውም እኔ።

«ጠርጣሪ ነሽ» ይሉኛል። ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የቀድሞ ባሌን የያዝኩት እንኳን በመኪናው ኪሎ ሜትር ነው።

እና ነገሩ እንዲህ ጀመረ።

ቆሻሻው ሁለት ጊዜ ይመዘናል። መጀመሪያ ከከተማው ማዶ ባለው ማሸጋገሪያ ጣቢያ ትልልቆቹ መኪኖች ጭነው ሲነሱ ይመዘናሉ። ከዚያ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዘው እኛ በር ላይ ሲደርሱ በእኛ ምድር ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ሁለቱም ሚዛኖች በሃያ በሃያ ኪሎ ነው የሚቆጥሩት።

ሚዛናችን ትክክል መሆኑን ለማሳየት የሦስት ዓመቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ ያለውን ማለት ነው።

ልዩነት የለም። መኪና መንገድ ላይ ነዳጅ ስለሚያቃጥል አልፎ አልፎ ሃያ ኪሎ ይጎድላል፤ እሱ ያለ ነው።

አንድ መኪና ግን አይጎድልም... ይጨምራል።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ የሚደርሰው። ከጣቢያው ሲነሳ ከነበረው ሰማንያ ኪሎ ጨምሮ ይመጣል። ክረምት ሆነ በጋ ሰማንያ ነው። ስድሳ ሆኖ አያውቅም፣ መቶም ሆኖ አያውቅም።

ቆሻሻውን ደፍቶ ሲወጣ ደግሞ የባዶ መኪናው ክብደት እንደ ሁልጊዜው ነው። ያ ሰማንያ ኪሎ ይገባል... ከዚያ ግን አይወጣም።

ለአለቃዬ ለኢንጂነር ሳቢና አሳየኋት። ሳቀች።

«በሃያ ቶን ላይ ሰማንያ ኪሎ ምን አላት? ሕጉ ራሱ ከዚህ የበለጠ ስሕተት ይፈቅዳል።»

«ስሕተት ማክሰኞን አይመርጥም።»

«ውይ ኡርሹላ! እሳት ካየው ምን ለየው? ጻፊና ላኪው!»

አልላክሁም። እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። አንድ ሰው መንገድ ላይ እየጠበቀ የሆነ ነገር ይጭናል። መታየት የሌለበት፣ ተቃጥሎ መጥፋት ያለበት ነገር። ምን እንደሆነ ለማሰብ እንኳን ፈራሁ።

ያ ነገር እቶን ውስጥ እንዲገባ ደግሞ ክሬኑን የሚነዳው ሰው ማወቅ አለበት። ቆሻሻውን ከጉድጓዱ እያፈሰ እቶኑ አፍ ላይ የሚጥለው እሱ ነዋ።

ማክሰኞ ቀን ክሬኑን የሚነዳው አባቴ ነው።

አባቴ ኤርቪን ሃያ ሁለት ዓመት ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። ማዕድኑ ሲዘጋ ያገኘውን ሲሠራ ቆይቶ እኛ ጋ ክሬን ላይ ወጣ። ለጡረታው ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

የጠረጠርኩትን ከጻፍኩ አባቴ በአበባ ሳይሆን በፖሊስ ታጅቦ ይወጣል። ካልጻፍኩ ደግሞ በውሸት ላይ ስሜን እፈርማለሁ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

እሑድ ምሳ ላይ እቤቱ ሄጄ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ምንድን ነው የሚመጣው?»

ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ቆሻሻ ነዋ።»

«ሌላስ?»

«ብዪ ሾርባሽን ጠጪ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ማክሰኞን ለማንም ለቀህ አታውቅም። አምና ትኩሳት ይዞህ እንኳን መጣህ። ለምን?»

«ኡላ...» አለኝ፣ ሲያቆላምጠኝ እንደሚጠራኝ። «ሆድ ይፍጀው።»

ተነስቶ የታጠበ ሳህን ማጠብ ጀመረ። ጀርባውን ሰጥቶኝ። እኔም ልቤ ተሰበረ፣ ምክንያቱም እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጥፋተኛ ነው ብዬ ነው የማውቀው።

ስለዚህ ማክሰኞ ራሴ ለመያዝ ወሰንኩ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ምድር ሚዛኑ ጋ ወረድኩ። የሚዛኗን ቤት የሚጠብቁት እትዬ ሂልዳ ናቸው። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ሲሞሉ ነው የሚውሉት። ሲያዩኝ እርሳሱን አስቀመጡ።

«ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?»

«ሰባት ከአርባውን ልጠብቅ ነው።»

ተነስተው መስኮቱን ዘጉ። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

መኪናው ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ። ልክ በሰዓቱ።

ሚዛኑ ላይ ቆመ። ከጣቢያው የመጣውን ወረቀትና የእኛን ቁጥር አስተያየሁ። ሰማንያ ይበልጣል።

ሾፌሩ ሩፊን ይባላል። ቀልደኛ ነው፣ አፉ ከቋሊማና ከወሬ ቦዝኖ አያውቅም። ያን ዕለት ግን መስኮቱን ሲያወርድ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«መንገድ ላይ ማንን ጫንክ?» አልኩት በቀጥታ።

«ማንንም።»

«የት ቆምክ?»

«የባቡር ሐዲዱ ጋ ብቻ። ባቡር ካለፈበት አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ግን "ቁም" የሚል ምልክት ስላለ እቆማለሁ። ካሜራ አለ፣ ኡርሹላ፣ እዪው።»

አይቼዋለሁ። ሐዲዱ ያለው በተዘጋው የከሰል ጉድጓድ በር ፊት ለፊት ነው። መኪናው ቆሞ ይሄዳል፣ ማንም አይጠጋውም።

ዓይኔ ወደ ጎኑ ሄደ።

ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ነበር። የተሳፋሪው ወንበር ቀበቶ ግን ታስሯል።

«ይሄን ለምን አሰርከው?»

«ካላሰርኩት ይጮኻል።»

«ማን?»

«ማስጠንቀቂያው ነዋ! ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ ይጮኽ የለ?»

«ሰው የለም።»

«እሱን ለመኪናው ንገሪው።»

እጁን ዘርግቶ ቀበቶውን ፈታው።

ጲጥ... ጲጥ... ጲጥ...

«ሌላ ቀንስ ይጮኻል?»

«ማክሰኞ ብቻ። ለመካኒኩ ተናገርኩ፣ ሰኞ አምጣው አለኝ። ሰኞ አልጮኸም። እስካሁን ይስቅብኛል።»

ውረድ አልኩት። ወረደ። የሚዛኑ ቁጥር በእሱ ልክ ቀነሰና ረጋ።

በተከፈተው በር አንገቴን አስግጌ ጋቢናውን በዓይኔ በረበርኩ። የቡና ብርጭቆ፣ ጓንት፣ የዳቦ ፍርፋሪ። ከወንበሩ ጀርባም ምንም የለም።

የተሳፋሪው ወንበር ግን መሃሉ ሰርጎ ነበር።

ጲጥ... ጲጥ...

ከዚያ ድምፁ በራሱ ቆመ። ዓይኔ እያየ ወንበሩ ቀስ ብሎ ተነፋ።

«ኡርሹላ...» አሉ እትዬ ሂልዳ ከውስጥ። «ቁጥሩን እዪው።»

ሩፊንም እኔም መሬት ላይ ነበርን። መኪናው ላይ ማንም የለም።

ቁጥሩ ሃያ ኪሎ ወረደ።

ቆየት ብሎ... ሌላ ሃያ።

ሌላ ሃያ።

ሌላ ሃያ።

ልክ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደረጃውን ይዞ ከጋቢና ሲወርድ እንደሚሆነው ነበር።

ወደ ቤቷ ሮጥኩ። እትዬ ሂልዳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል።

«ያውቃሉ እንዴ?»

«መስኮቱን እዘጋለሁ፣ አላይም፣ አልሰማም» አሉ በሹክሹክታ። «በሥሩ ሲያልፍ አንድ ቃል ይላል። ምን እንደሚል ማወቅ አልፈልግም።»

«ማን ነው የሚያልፈው?»

«ሂጂ፣ ልጄ። ወደ ቢሮሽ ሂጂ።»

አመንኳቸው እንዳይመስላችሁ። ሩፊን፣ እትዬ ሂልዳና አባቴ ተመካክረው እያሞኙኝ ነው አልኩ። ሚዛኑን የሆነ ነገር አድርገውታል፣ ወንበሩንም እንደዚያው። እኔን ሚዛኑ ጋ አቁመው ዕቃውን በሌላ በር ያስገባሉ። ንዴቱ ፍርሃቱን አስረሳኝ።

ወደ ክሬኑ ክፍል የሚወስደውን የብረት ደረጃ እየሮጥኩ ወጣሁ። አራት ፎቅ ነው። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምኩና እጄን አየሁት።

መዳፌ ጥቁር ሆኗል። የደረጃው መደገፊያ ከላይ እስከ ታች በከሰል ብናኝ ተለውሷል። ጠዋት ስወጣበት ንጹሕ ነበር። ፋብሪካችን ደግሞ ከሰል የሚባል ነገር አያስገባም።

የክሬኑ ክፍል ከቆሻሻው ጉድጓድ በላይ የተንጠለጠለች የመስታወት ክፍል ናት። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ሁለት እጁ መዘውሮቹ ላይ። ራዲዮኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የሠርግ ዘፈን ይጮኻል። ጆሮ ይበጥሳል።

ገብቼ ራዲዮኑን አጠፋሁት።

አባቴ ዞር ሲል ያየሁትን ፊት አልረሳውም። ቁጣ አልነበረም። ሌባ ተያዘ የሚባል ፊትም አልነበረም።

«ክፈቺው!» አለ በሹክሹክታ።

«ማን ነው የሚመጣው አባዬ?»

«ክፈቺው ኡላ፣ በእናትሽ!»

«ምንድን ነው የምታቃጥልላቸው? ንገረኝ! ነገ ስሜን የምፈርመው እኔ ነኝ!»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያለውን የመነጋገሪያ ስልክ ያያል። ከታች ደረጃው ሥር ያለ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር በድምፅ ማጉያው እዚህ ይሰማል።

ቀዩ መብራት በራ።

ያዝኩህ! አልኩ በልቤ። ተባባሪው ይሄው መጣ።

ድምፁ የተራ ሰው ድምፅ ነበር። ደከም ያለ፣ ትንሽ የታፈነ።

«እግዜር ያበርታ።»

እኛ ሠፈር ከመሬት በታች «እንደምን ዋልክ» አይባልም። አንድ ሰው ወደሚሠራበት ስትደርስ የሚባለው ይኸው ነው፤ የተባለውም ሰው መመለስ አለበት። በአምስት ዓመቴ አንዱን የአባቴን ጓደኛ ዝም ብዬው ስላለፍኩ አባቴ ጆሮዬን ጎትቶኝ ነበር። «ከታች ያለ ሰው ሰላም ብሎ መልስ ካጣ፣ ብቻውን የቀረ ይመስለዋል» አለኝ ያኔ።

እና አፌ ቀደመኝ። አላሰብኩበትም።

«አንተንም ያበርታህ!» አልኩ።

መብራቱ ጠፋ።

የአባቴ እጆች ከመዘውሮቹ ላይ ወደቁ።

«ሦስት ዓመት...» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልመልስለት...»

«ማነው እሱ?»

«ጌራርድ ነው።»

ስሙን አውቀዋለሁ። ሠፈራችን ውስጥ የማያውቀው የለም። በልጅነቴ የከሰሉ ጉድጓድ ተደርምሶበት የሞተ ሰው ነው። ሬሳውን አላወጡትም፤ ጉድጓዱን እላዩ ላይ ዘጉት።

አባቴ ቶሎ ቶሎ፣ ትንፋሽ በሌለው ድምፅ ነገረኝ።

«ያን ቀን የሚቀበለኝ እሱ ነበር። ማንም ሰው ተረካቢው መጥቶ እጅ በእጅ ሳይረከበው ቦታውን አይለቅም። ድንጋዩ ምን ሲያደርግ እንደዋለ ሳትነግረው አትሄድም። ፈረቃው ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚያበቃው። እኔ ሰባት ከአርባ ላይ ወጣሁ።»

«ለምን?»

የጓንቱን ጫፍ ጎተት ጎተት አደረገ።

«ለምን አባዬ?»

«የመጀመሪያ ቁርባንሽ ሳምንት ነበር። በየቀኑ ነጭ ለብሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ትሄዱ የለ? ማክሰኞ ብቻሽን የምትዘምሪው አንቺ ነበርሽ። ልብስ ለውጬ እንድደርስ ብዬ...»

ክንዱን ያዝኩት።

«ጣሪያው ከጠዋት ጀምሮ ሲያቃስት ነው የዋለው፣ ኡላ። እሱ መጣ... የሚነግረው ሰው አጣ።»

ከውጭ ደረጃው ላይ የከባድ ጫማ ድምፅ መጣ። አይቸኩልም።

«ምንድን ነው የሚፈልገው?»

«ቦታውን መረከብ።»

«ታዲያ አስረክበው!»

«እሱ ከተረከበ እኔ መውጣት አለብኝ።»

«ውጣ ታዲያ! ና፣ አብረን እንውጣ!»

አባቴ አየኝ። እንደዚያ በርኅራኄ አይቶኝ አያውቅም።

«በየት ነው የምወጣው ልጄ? ከፈረቃ የሚወጣ ሰው፣ ተረካቢው በመጣበት ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ማክሰኞን ለማንም የማልለቀው። ማንም እንዳይመልስለት ነው።»

ጫማው በሩ ላይ ቆመ።

በሩ አልተከፈተም። ግን ክፍሏ ቀዘቀዘች፤ እርጥብ ድንጋይ ሸተተኝ። ከሥራችን አምስት መቶ ቶን ቆሻሻ ተከምሮ እያለ የቆሻሻው ሽታ ጠፋ።

አባቴ ጓንቱን አወለቀ። ከወንበሩ ተነሳና ወደ ጎን ቆመ። ከዚያ ማንም ለሌለበት አየር፣ ሠራተኛ ለሠራተኛ እንደሚያወራው፣ ማስረከብ ጀመረ።

«የክሬኑ ግራ ጥፍር ይንሸራተታል፣ ቀስ ብለህ ዝጋው። ጥግ ላይ ያለው ክምር ትንሽ ይጨሳል፣ ውሃ አጠጥቼዋለሁ... ዓይንህን አትንቀልበት።»

ትንሽ ቆመ። ድምፁ ተሰበረ።

«ጣሪያው... ጣሪያው ከጠዋት ጀምሮ ያቃስታል። በግራ በኩል እንዳትቆም ጌራርድ። እንዳትቆም ወንድሜ።»

አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እናቴ ስትሞት እንኳን አላለቀሰም።

የወንበሩ ትራስ ሰረገ።

መዘውሩ ተንቀሳቀሰ። ከሥራችን ትልቁ የብረት ጥፍር ተከፈተ፣ ከቆሻሻው ዘግኖ ተነሳ። የግራው ጥፍር ሲዘጋ ቀስ ብሎ ነበር።

አባቴ ግንባሬን ሳመኝ።

«ስትዘምሪ ሰምቼሻለሁ» አለኝ። «እሱ አልቆጨኝም። ቢቆጨኝ ይሻል ነበር፤ ግን አልቆጨኝም።»

እጄን ከክንዱ ላይ አላቅቆ ወጣ። ተከተልኩት። በሩን ከፍቼ ስወጣ ደረጃው ላይ ማንም የለም። አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ምድር ሚዛኑ ጋ ስደርስ መኪናው ደፍቶ ሄዷል። እትዬ ሂልዳ ውጭ ቆመዋል፣ በብርድ፣ ያለ ካፖርት። የመውጫውን ወረቀት ዘረጉልኝ።

«ባዶውን ሲወጣ... ሰማንያ ይበልጣል» አሉ።

በመኪናዬ ተከተልኩት። ሐዲዱ ጋ ደረስኩበት። ሩፊን ከጋቢናው ወርዶ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጋራ ለመለኮስ ይታገላል። ክብሪቱ እምቢ ብሎታል።

«አባቴስ?»

«እዚህ ጋ ስቆም...» አለ። «የተሳፋሪው በር ተከፈተና ተዘጋ። እኔ አልነካሁትም። እኔ ምንም አልነካሁም!»

ከፊት ለፊታችን የተዘጋው ጉድጓድ የሲሚንቶ ክዳን አለ። ጭጋግ። ስሙን ጠራሁት። ድምፄ እስኪዘጋ ጠራሁት።

ፖሊስ መጣ። ቆሻሻውን ፈተሹ፣ አመዱን በወንፊት ነፉ፣ እኔን ሦስት ቀን ጠየቁኝ። ካሜራው አባቴ ደረጃውን ሲወርድ ያሳያል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ግን አይደርስም።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ልዩነት የለም። ሰባት ከአርባው መኪና ከጣቢያው ሲነሳ በነበረው ክብደት ይደርሳል። ዕቅዴን ሊመረምር የመጣው ሰው «እንዲህ የጠራ ሚዛን አይቼ አላውቅም» ብሎ አመሰገነኝ። ፈረምኩ። ምን ልበለው? አባቴን የምጽፍበት ዓምድ ወረቀቱ ላይ የለም።

ማክሰኞ ከሰዓት የክሬን ሠራተኞቹ ክፍሏ ውስጥ አይገቡም። ክሬኑ ግን ይሠራል። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ እኔም አልጠይቅም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልብሱን ልሰብስብ ብዬ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ከመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ሲወጣ አየሁ።

በልጅነቴ አባቴ ከከሰሉ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባበት ገንዳ እስከ ጠርዙ ሞልቷል። ውሃው ሙቅ ነው። እንደ ቀለም ጥቁር ነው፣ ከላዩ የከሰል ብናኝ ይንሳፈፋል።

ውስጡ ማንም የለም።

አልጮህኩም። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ።

ውሃው ተናወጠና... ባንድ ጊዜ ዝቅ አለ። ሰው ከውስጡ ሲነሳ እንደሚሆነው። ጥቁሩ ክብ መስመር ገንዳው ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ጠብ... ጠብ... ማለት ጀመረ፣ ወደ እኔ።

ፎጣውን ከመስቀያው አንስቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

ፎጣውን ከእጄ ተቀበለኝ።